ሐረጉን የገረዘው ማን ነው?

ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ የሚወርድ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ወይን ጠጅ አያስብም። ሐሳቡ ያለው መልስ የሚቀበለው ብር፣ የሚወርድበት ፌርማታና የመንገዱ መቆፈር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ያለው ይህ ሠፈር የኢትዮጵያን ወይን ጠጅ ለረጅም ዘመን ሲጠምቁ ከኖሩት ቦታዎች አንዱ ነው። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ አንዱ ቤቱ እዚህ መካኒሳ፣ ሌላው ልደታ ነው። በሠርግ አዳራሽ የሚደረደሩት ጉደር፣ አክሱሚትና ክሪስታል የዚህ ፋብሪካ ልጆች ናቸው።

ታሪኩን ሁላችንም በቁርጥራጭ እናውቀዋለን። አንዱ አክሱም ላይ ወይን ይበቅል እንደነበር ሰምቷል። ሌላው ስለ ዝዋዩ የፈረንሳዮች እርሻ በዜና አይቷል። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ የወይን ፋብሪካ ገዛ ሲባል የሣቀም አለ። ቁርጥራጮቹን በየዘመናቸው ሲሰድሯቸው ግን አንድ ጎዶሎ ነገር ብቅ ይላል። የጠጪው ስም፣ የባለቤቱ ስም፣ የጋባዡም ስም በየዘመኑ ተጽፏል። ሐረጉን የተከለው፣ የገረዘውና ዘለላውን የቆረጠው ሰው ግን ስም የለውም። እንደ አውስትራሊያ ባሉ አገሮች የወይን ገበሬው ስም ከነመንደሩ ጠርሙስ ላይ የሚታተምበት ጊዜ አለ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያልሆነበትን ምክንያት ለማየት ከአክሱም መነሣት ያስፈልጋል።

ከ1ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን፦ ከአዱሊስ ወደብ የወጣ ጋን

በ1ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኖረ ስሙ ያልታወቀ የግሪክ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ንግድ የሚተርክ የመርከበኞች መመሪያ ጽፎ ነበር። አዱሊስ ወደብ ላይ ምን እንደሚሸጥ ሲዘረዝር ከልብሱ፣ ከመዳቡና ከብረቱ መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ወይን ጠጅ ይጠቅሳል፤ ብዙ እንዳልሆነም ያክልበታል። ስለዚህ ወይን በጽሑፍ ታሪካችን መጀመሪያ የምናገኘው ከውጭ የመጣ፣ በመጠን የሚገባና ለጥቂቶች የሚደርስ ዕቃ ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናትም ከአቃባ በኩል የመጡ ረዣዥም የሸክላ ጋኖች በአዱሊስና በአክሱም ቁፋሮዎች በብዛት ተገኝተዋል። የጋኖቹ ዓይነት «የአይላ–አክሱም ጋን» የሚል ስም እስከማግኘት ደርሷል።

ያም ሆኖ አክሱም ገዝታ ብቻ የጠጣች አትመስልም። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በመሩት ቁፋሮ ከጤፍና ከስንዴ ቅሪት ጋር የወይን ፍሬም ተገኝቷል። በከተማይቱ ዙሪያ ከዓለት ተፈልፍለው የተሠሩ ገንዳዎች አሉ፤ ወይን መጭመቂያ እንደነበሩ የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ። ከታላላቆቹ ሐውልቶች ሥር በተነጠፉት የመሠረት ድንጋዮች ላይ የጽዋ ቅርጽ ተቀርጿል። እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ጽዋው ምን እንደሚቀዳበት የሚያውቅ ሰው ነው።

ንጉሥ ኢዛና ያስቀረጸው የቤጃዎች ጽሑፍም አለ። ዐምፀው የተሸነፉትን የቤጃ አለቆች ከነሕዝባቸውና ከነከብታቸው ወደ አክሱም አስመጥቶ ሲያሰፍራቸው በየመንገዱ ምን እንዳበላቸውና ምን እንዳጠጣቸው ይቆጥራል። እንጀራውንና ሥጋውን ከጠራ በኋላ፣ የግሪክኛው ቅጂ እንደሚለው፣ ጠላውን፣ ወይኑንና ውኃውን እስኪጠግቡ እንደሰጣቸው ይናገራል። ወይኑ የተሰጠው ከንጉሥ እጅ ነው፤ የታላቅነት ማሳያም ነው። ይህ ልማድ ብዙ ዘመን አብሮን ይዘልቃል።

በዚሁ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የክርስትና መምጣት ለወይን ሁለተኛ ቤት ሰጠው። ከዚያ በኋላ ያለ ወይን ቅዳሴ የለም። ቤተ መንግሥት ቢደኸይ፣ ወደብ ቢዘጋ፣ ነጋዴ ቢቀር እንኳ ቤተ ክርስቲያን በሆነ መንገድ ወይን ማግኘት ነበረባት። ወይን ከዚህ አገር ፈጽሞ ያልጠፋው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

1512 ዓ.ም፦ የንጉሡ ጋን፣ የዲያቆኑ ዘቢብ

ከአክሱም መዳከም በኋላ ያሉትን ምዕተ ዓመታት ዘልለን በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን እናቁም፤ የዓይን ምስክር ያገኘነው እዚያ ነውና። በ1512 ዓ.ም ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ቄስ ነበረው። ይህ ሰው ስድስት ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጦ ያየውን ጻፈ፤ ሲጽፍም ምግብና መጠጥ አያመልጠውም።

አልቫሬዝ የወይን ጠጅን ነገር በግልጽ አስቀምጦታል። ከወይን ፍሬ የሚጠመቅ ጠጅ በይፋ የሚሠራው በሁለት ቤቶች፣ በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት እንደሆነ ይናገራል። ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የሚቀድሰው በዘቢብ ነው። የደረቀው ፍሬ ለቀናት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲያብጥ ይጨመቃል፤ የሚወጣው ጭማቂ ጽዋ ይሞላል። አሠራሩ እስከ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ቤተልሔም የሚሠራው ነው። ማንኛውም ዲያቆን የአልቫሬዝን ገጽ ቢያነብ የገዛ እጁን ሥራ ያያል።

ሁለት ቤት ብቻ ለምን ሆነ? ፍሬ ጠፍቶ አይደለም፤ አልቫሬዝ ራሱ በየመንገዱ የወይን ፍሬ እንዳየ ጽፏል። ነገሩ ያለው መጠጡ ከተያያዘበት ማዕረግ ላይ ይመስለኛል። ማር የጌታው፣ ጠላ የባላገሩ፣ ወይን የንጉሥና የጳጳስ ነበር። ለገበሬው ትርጉሙ ምንድን ነው? ፍሬውን ቢያበቅል መጥመቅ የእሱ ፈንታ አይደለም። ያመረተው በዘቢብ መልክ ወደ ደብር፣ በግብር መልክ ወደ ጓዳ ይሄዳል። የወይን ገበሬ ጠማቂ ካልሆነ ዕውቀቱ ከፍሬው ጋር ከማሳው ወጥቶ ይቀራል።

ከዚህ ላይ የቋንቋችንን ምስክርነት ልጨምር። ወይን የሚለው ቃል ጥንታዊ ነው፤ ከዕብራይስጡ ያይንና ከግሪኩ ኦይኖስ ጋር ዝምድና አለው። መጠጡን ግን «ወይን» ብለን አልተውነውም፤ «ወይን ጠጅ» አልነው። የወይን የሆነ ጠጅ ማለት ነው። ዋናው፣ መለኪያው፣ የቤቱ ጌታ የማር ጠጅ ሆኖ ወይኑ በእንግድነት ገብቶ ስሙን የተዋሰው ከእሱ ነው።

ከ1535 ዓ.ም እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፦ ስሙ የቀረ ምድር

በየካቲት 1535 ዓ.ም ዐፄ ገላውዴዎስ ከፖርቱጋል ወታደሮች ተራፊዎች ጋር ሆነው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን የገጠሙበት፣ ኢማሙም የወደቁበት የጦርነት ሜዳ ከጣና ምሥራቅ ነበር። ስሙ ወይና ደጋ ነው። የጦርነቱን ውጤት በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል፤ የቦታውን ስም ቆም ብለን ያየን ግን ጥቂቶች ነን።

ወይና ደጋ ማለት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ነው። በጂኦግራፊ ክፍል ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለውን ከፍታ በዚህ ስም ስንሸመድድ አድገናል። ቆላው በሙቀቱ፣ ደጋው በብርዱ፣ ውርጩ በውርጩ ሲጠራ የመካከለኛው አየር ስሙን ያገኘው ከአንድ ተክል ነው። ያውም ከጤፍ ወይም ከገብስ ሳይሆን ከወይን። አንድ ሕዝብ አገሩን በማያውቀው ተክል አይሰይምም። አባቶቻችን ወይን የት እንደሚስማማው አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ዕውቀቱ ለምን ተነነ ለሚለው እኔ ያለኝ መልስ ከሐረጉ ጠባይ ይነሣል። ወይን የተከለ ሰው ለደህና ምርት ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ጤፍ በወራት ያደርሳል፤ የንብ ቀፎም ሠራዊት መጣ ሲባል በሌሊት ይሸከሙታል። የወይን ሐረግ ግን ከመሬት ጋር የታሰረ ንብረት ነው። ሠራዊት በመንገዱ ላይ ያለውን እየበላ በሚጓዝበት፣ ጉልት ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት አገር ሦስት ዓመት የሚጠብቅ ገበሬ ወይ ሞኝ ነው፤ ወይ የደብር ከለላ ያለው ነው። በዚህ የተነሣ ወይን የተረፈው በገዳማት አጥርና በጥቂት የታወቁ ስፍራዎች ነበር።

ከነዚህ አንዱ በሊቦ፣ በአዲስ ዘመን አካባቢ ያለው ይፋግ ነው። ይፋግ የገበያና የኬላ ከተማ ስለነበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደር የሚያልፉ አውሮፓውያን አይተውታል፤ ስለ ወይን ተክሉም ጽፈዋል። ቦታው ቀረጥ የሚቆረጥበት፣ ጥበቃ ያለበት መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጠባቂ ባለበት ሐረጉ ሦስተኛ ዓመቱን ያያል።

ከ1879 እስከ 1933 ዓ.ም፦ በባቡር የመጣ ቡሽ

አዲስ አበባ ስትቆረቆር የወይን ጠጅ ታሪክ ወደ ኋላ፣ ወደ አዱሊስ የተመለሰ ይመስላል። በዐፄ ምኒልክ ግብር ቤት ወንዝ የሚያክለው የማር ጠጅ ነበር። ወይንና ሻምፓኝ ለመኳንንቱና ለፈረንጆቹ መልእክተኞች ከጅቡቲ በኩል ይገባ ነበር። በመጀመሪያ በግመልና በበቅሎ፣ ከ1909 ዓ.ም ወዲህ እስከ ከተማዋ በደረሰው ባቡር። የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች መደብር፣ የጣይቱ ሆቴል ገበታ፣ የሌጋሲዮኖቹ ግብዣ ቡሽ የሚነቀልባቸው ቦታዎች ሆኑ።

በ1915 ዓ.ም የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አንድ ነገር አሳየ። የውጭ መጠጥ በአገር ውስጥ በፋብሪካ ሊጠመቅ ይችላል፤ ገዢም አለው። ለወይኑም መንገዱ ተከፈተ። ከዚያ ጣልያን መጣ። የአምስቱ ዓመት ወረራ በጦር ካደረሰው ጥፋት ጎን ለጎን ፓስታውን፣ ማኪያቶውንና ምሳን በአንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን የማጠብን ልማድ በየከተማው ትቶ ሄደ። ነጻነት ሲመለስ ብዙ ጣልያኖች ጋራዥና ምግብ ቤት ከፍተው እዚሁ ቀሩ። የሚጠጣ ሰው ነበር፤ በዓለም ጦርነት ሳቢያ ደግሞ መርከብ አልነበረም።

1936 ዓ.ም፦ አዋሽ

አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የተቋቋመው በዚህ ወቅት፣ በ1936 ዓ.ም ነው። የወሰደው የወንዝ ስም ነው፤ ከቤተ መንግሥትም ከቤተ ክርስቲያንም ስም አልተዋሰም። ይህ ለእኔ ትልቅ ምልክት ነው። ከአክሱም ጀምሮ ሁለት ጌቶች የነበሩት መጠጥ ሦስተኛውን ጌታ፣ ፋብሪካን አገኘ። ማንም ብር ያለው ከግሮሰሪ ሊገዛው የሚችል ሸቀጥ ሆነ።

ፋብሪካው ለጠርሙሶቹ የሰጣቸው ስሞች የአገር ካርታ ይመስላሉ። ጉደር ከአምቦ በስተ ምዕራብ ያለችው፣ በወንዟ የታወቀችው ከተማ ናት። ዱከም ደግሞ ወደ ደብረ ዘይት ሲወርዱ የሚያልፏት ናት። አክሱሚት ጥንቱን ይጠራል። ነጮቹ ክሪስታልና ከሚላ ናቸው። ጉደር ቀይና ደረቅ፣ አክሱሚት ቀይና ጣፋጭ፣ ክሪስታል ነጭና ደረቅ መሆናቸውን የማያውቅ የድግስ ኃላፊ አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

የተክሉ ዋና ማሳ በአርሲ፣ በላይኛው አዋሽ ሸለቆ ያለው መርቲ ጀጁ ሆነ። መርቲ የሚለውን ስም የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ላይ ያውቀዋል፤ ምድሩ አንድ ነው። ቦታው ቆላ ነው። ወይና ደጋ የሚል የከፍታ ስም ያለው አገር ወይኑን የተከለው ከወይና ደጋው በታች መሆኑ ያስገርማል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ የመስኖ ውኃና የተንጣለለ መሬት ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ፋብሪካ የሚፈልገው በቶን የሚለካ ፍሬ ነው።

ሐሩር አገር ላይ ወይን ማብቀል የራሱ ጣጣ አለው። በአውሮፓ ክረምቱ ራሱ ሐረጉን ያስተኛዋል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ግንዱ ያርፋል፤ ጸደይ ሲገባ ይነቃል። በአዋሽ ሸለቆ የሚያስተኛው ብርድ የለም። ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ማውጣት ይፈልጋል፤ ፍሬውም አንዱ ሲበስል ሌላው ጥሬ ይሆናል። እዚህ የገራዡ መቀስ የክረምትን ሥራ ይሠራል። ውኃ ይቆረጥበታል፤ ቅርንጫፉ ይገረዛል፤ ሐረጉ ያረፈ መስሎት እንደገና አንድ ላይ ይነሣል። በጥሩ አያያዝ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ሊያፈራ ይችላል። መቼ፣ ከየትኛው አንጓ ላይ፣ ስንት ቡቃያ ተትቶ እንደሚቆረጥ የሚያውቀው ሰው የጠርሙሱን ጣዕም ግማሽ ወስኗል። ይህ ሰው የቀን ሠራተኛ ነበር።

ከተቆረጠ በኋላ ያለው ጉዞ አዲስ አበባ ላይ ያልቃል። ቀዩ ከነልጣጩ እንዲፈላ ይተዋል፤ ቀለሙም ቃናውም ከልጣጩ ነው። ነጩ አስቀድሞ ተጨምቆ ጭማቂው ብቻውን ይፈላል። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደርገዋል። ስኳሩ ሳያልቅ ካስቆሙት ጣፋጭ፣ እስኪያልቅ ከተዉት ደረቅ ይሆናል። ጠጅ የጣለች እናት ይህን የሚያስረዳት ማንም አያስፈልጋትም፤ ልዩነቱ ጌሾ አለመኖሩ ነው።

1967 ዓ.ም፦ መሬት ለአራሹ፣ ወይኑ ለመንግሥት

በጥር 1967 ዓ.ም ደርግ ከ70 በላይ የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ። በየካቲት የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዋሽም የመንግሥት ሆነ።

ሁለቱ አዋጆች ጎን ለጎን ሲነበቡ የወይኑ ዕጣ ይታያል። የካቲት 25 የታወጀው ሕግ ጭሰኛውን ከባላባት አላቀቀው፤ የሚያርሰው መሬት ተሰጠው። ሰፋፊዎቹ የንግድ እርሻዎች ግን አልተከፋፈሉም፤ የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ጤፍ የሚዘራው ገበሬ ማሳ አገኘ፤ ወይን የሚገርዘው ሠራተኛ አዲስ አሠሪ አገኘ። ለሦስት ዓመት የሚጠበቅ ተክል በራሱ ስም ለመትከል የሚያስችል ዋስትና፣ ብድርና ገዢ በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? እርሻው በኮታ፣ ፋብሪካው በዕቅድ ይመራ ነበር።

በትክክል በዚያው ዘመን በአውስትራሊያ ምን ይሆን እንደነበር ላንሣ፤ ማነጻጸሩ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ባሮሳ በሚባል ሸለቆ ከጀርመን ምድር የተሰደዱ የሉተራን ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ጀምሮ ወይን ተክለው ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። እነሱም ፍሬያቸውን የሚሸጡት ለትልልቅ ኩባንያዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ፍሬው ከገበያው በላይ ሲተርፍ ፒተር ሌማን የተባለ የአንድ ድርጅት ጠማቂ ከገበሬዎቹ እንዳትገዛ የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ከገበሬዎቹ ጋር የነበረው ውል የቃል ብቻ ነበር። ቃሌን አላጥፍም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1979 ገንዘብ አሰባስቦ ፍሬያቸውን የሚገዛ የራሱን ድርጅት አቆመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የክልሉ መንግሥት ትርፍ ወይን ለሚነቅል ገበሬ ገንዘብ መክፈል ሲጀምር የመቶ ዓመት ሐረጎች ተነቀሉ። ሮበርት ኦካላሃንን የመሰሉ አነስተኛ ጠማቂዎች ደግሞ ያረጀውን ሐረግ አትንቀሉ፣ የተሻለ ዋጋ እንከፍላለን ብለው ብዙውን አተረፉ። ዛሬ የዚያ ሸለቆ ውድ ጠርሙሶች ከነዚያ አሮጌ ግንዶች የሚጨመቁ ናቸው።

እኛ የጎደለን አፈሩም ፀሐዩም አይደለም። እነሱ የዳኑበት መንገድ ገበሬው የግንዱ ባለቤት ስለነበር፣ ጠማቂውም እሱን በስሙ ስለሚያውቀው የተገኘ ነው። የኛዎቹ ገራዦች እንቢ ብለው የሚያተርፉት ግንድ አልነበራቸውም።

ለጠጪው ግን ዘመኑ የአዋሽ ነበር። የውጭ ምንዛሪ በሌለበት፣ የውጭ መጠጥ የሹማምንት በሆነበት ጊዜ ሠርግ ላይ የሚቀርበው ይኸው ነው። ደረቁን ጉደር ያልለመደው ምላስ ኮካ ይጨምርበታል፤ ሌላው በአምቦ ውኃ ያቀጥነዋል። የወይን ሊቃውንት ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ይይዛሉ። እኔ አልፈርድም። ብርዝ የለመደ ሕዝብ ጣፋጭና ጋዝ ያለው ነገር ቢፈልግ የአያቶቹን ምላስ እየተከተለ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014፦ የዝዋይ ቦይ

ቀጣዩ ትልቅ መታጠፊያ የመጣው ከዝዋይ፣ ከዛሬዋ ባቱ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን ይዞ በአገሩ ከከረመው የቢራ ኩባንያ ቢጂአይ ጀርባ ያለው የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን በዓለም ካሉ ታላላቅ የወይን ነጋዴዎች አንዱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ባለቤቱን ፒየር ካስቴልን ኢትዮጵያ ውስጥ ወይን ለምን አትተክልም ብለው እንደጋበዙት በሰፊው ተነግሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራው ተጀመረ። ከቦርዶ የመጣው ችግኝ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ነበር። ቁጥሩም 750,000 ገደማ ደረሰ።

ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ይላል። አሮጌው ስም፣ ወይና ደጋ፣ ሳይታሰብ ልክ ሆነ ማለት ነው። አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ውኃ አይቋጥርም፤ ወይን ይህን ይወዳል። ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ፈረንሳዮቹ ያላሰቡት ጎረቤቶቹን ነበር። ከሐይቁ ጉማሬ፣ ከቁጥቋጦው ጅብና ዘንዶ ይመጣ ስለነበር በማሳው ዙሪያ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፈረ። ቦርዶ ውስጥ የወይን ጠላት ሻጋታና በረዶ ነው፤ እንዲህ ያለ አጥር ያጠረ ጠማቂ እዚያ ያለ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ ወጡ። ሪፍት ቫሊ የሚለው በፍሬው ዓይነት የተለየ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነበር፤ አካሽያ ደግሞ ለሰፊው ጠጪ ታሰበ። የመጀመሪያው ዓመት ምርት 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ያህል ሆነ፤ ግማሹን ለውጭ ገበያ ማውጣት ዕቅድ ነበር። ጋባዡ መለስ ግን በነሐሴ 2004 ዓ.ም ስላረፉ ጠርሙሱን አላዩትም።

ከጣዕሙ ይልቅ እኔን የያዘኝ የመለያው ጽሑፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የኢትዮጵያ ወይን ከየትኛው የፍሬ ዓይነት እንደተሠራ በግንባሩ ላይ ጽፎ ወጣ። ጠጪው ሜርሎና ሲራ የሚሉ ቃላትን ለመደ፤ ካፌ ውስጥ ወጣቶች «ሻርዶኔው ይሻለኛል» ሲባባሉ መስማት ተጀመረ። የፍሬው ስም መጣ። የገበሬው ስም ግን አሁንም አልመጣም፤ ምክንያቱም ማሳው የኩባንያ፣ በማሳው ላይ የሚውሉት ሴቶችና ወንዶች ደግሞ ተቀጣሪዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. 2013፦ ዘፋኙ፣ ነጋዴውና አሮጌው ፋብሪካ

ካስቴል ጠርሙሱን ሊያወጣ ሲል አዋሽ ከ40 ዓመት ገደማ የመንግሥት ይዞታ በኋላ ተሸጠ። ገዢዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ አሜሪካ ኖረው የተመለሱት ባለሀብት አቶ ሙሉጌታ ተስፋኪሮስ ናቸው። ሌላው ኤይት ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። ስሙን ያገኘው አፍሪካና አውሮፓ በጂብራልታር ከሚቀራረቡበት ስምንት ማይል ርቀት ነው፤ ሊቀ መንበሩ ደግሞ የአየርላንዱ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነበር።

የ1977ቱን ረኀብ የሚያስታውስ ሰው እዚህ ላይ ሳይቆም አያልፍም። ጌልዶፍ ለኢትዮጵያ ርኀብተኞች ሙዚቀኞችን አሰባስቦ የዘፈነ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ላይቭ ኤይድን ያዘጋጀ ሰው ነው። ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ በዚያችው አገር የወይን ጠጅ ፋብሪካ ባለድርሻ ሆኖ ተመለሰ። ብዙዎች በዚህ ቀልደዋል። እኔ ግን ስንዴ ይዞ ከመምጣት ይልቅ ትርፍ ፈልጎ በመምጣቱ ውስጥ የሚያስከብር ነገር አያለሁ፤ ከሚሠራ ሰው ጋር እንጂ ከሚራብ ሰው ጋር ውል አይገባም።

አዲሶቹ ባለቤቶች የተረከቡት ዕድሜ ጠገብ ማሽን፣ ልደታና መካኒሳ ያሉ ቤቶችና የመርቲ ጀጁ ከ100 ሄክታር በላይ የወይን ማሳ ነበር። ውድድሩ አዋሽን አነቃው። የጠርሙሱ መልክ ተለወጠ። ገበታ የሚል ስም ያለው አዲስ ወይንም ወጣ። በገበታ ስም መሰየሙ ብልህነት ነው፤ ወይንን ከሠርግ አዳራሽ አውርዶ ከእንጀራና ከጥብስ አጠገብ ለማስቀመጥ የታሰበ ነውና።

ዛሬ፦ በአጥር ላይ ያለው ሐረግ

በመካኒሳ፣ በሳሪስና በላፍቶ አሮጌ ግቢዎች የወይን ሐረግ ማየት ብርቅ አይደለም። ከሠራተኛ ቤቱ ቆርቆሮ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። የተተከለው ለጥላ ነው። ፍሬው ሲይዝ ልጆች ጥሬውን ይበሉታል፤ የተረፈውን ወፍ ይለቅመዋል። ብዙ ጊዜ የሚገርዘው የለም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ብዙ፣ ዘለላው ትንሽና ኮምጣጣ ይሆናል። ባለቤቷን «ምን ዓይነት ወይን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ «ወይን ነዋ!» ትለዋለች።

ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሳሪስ አቦ ደጅ ከንጋቱ ጀምሮ ይሞላል። በአጥሩ ሥር የተቀመጡ ሻጮች ከጧፉና ከዕጣኑ አጠገብ ዘቢብ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥረው ይደረድራሉ። አንዲት እናት አንዱን ቋጠሮ አንስታ በእጇ ትመዝናለች፤ ዋጋው መጨመሩን አማርራ ትከፍላለች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ወደ ቅጥሩ ትገባና ለመባ ትሰጣለች። ዲያቆኑም ተቀብሎ ወደ ቤተልሔም ይወስደዋል፤ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል።